የግቢው ማዕድ ከወረዳው ማሳ እንዲነሳ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከተማው ገና አልነቃም። በዩኒቨርሲቲው ግቢ የኋላ በር በኩል ባለው እንጀራ ቤት ግን ምጣዶቹ ግለዋል። ጋጋሪዎቹ አብሲት የተጣለበትን ሊጥ በማሰሮና በባልዲ እየቀዱ ከምጣድ ምጣድ ይመላለሳሉ። ከጎን ባለው ወጥ ቤት ሽንኩርት ይከተፋል፣ ለቁርስ የሚሆነው ሻይ ተጥዷል። ጎህ ሲቀድ የምግብ ካርዳቸውን የያዙ ተማሪዎች በመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ ይሰለፋሉ። በአማራ ክልል ከባሕር ዳርና ከጎንደር እስከ ደባርቅ፣ ከደብረ ማርቆስና ከእንጅባራ እስከ ወልድያ፣ ከደብረ ብርሃንና ከደብረ ታቦር እስከ ወሎና መቅደላ አምባ ባሉ 10 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለው ሌሊት የዘወትር ሥራ ነው።

ከእነዚህ ግቢዎች አብዛኞቹ በእርሻ መሬት የተከበቡ ናቸው። ከአጥሩ ወዲያ ጤፍ ይዘራል፣ ድንች ይቆፈራል፣ በመስኖ ሽንኩርት ይለማል። ይሁን እንጂ በአጥሩ ውስጥ ያለው ድስትና ከአጥሩ ውጭ ያለው ማሳ ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። ጤፉ በደላላና በነጋዴ እጅ ዞሮ፣ በጨረታ ተጫርቶ፣ በመኪና ተጭኖ ይመጣል። የቅርቡ አርሶ አደር በበኩሉ ምርቱን ለዚያው ደላላ አስረክቦ ይመለሳል። “በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል” እንደሚባለው ነው።

ጉዳዩ ግን ከግዥ ያለፈ ነው። የግቢው ወጥ ቤት እህሉን ከየት እንደሚያመጣ፣ በምን እንደሚያበስል፣ ምን ያህሉን እንደሚጥልና የሚጥለውንም የት እንደሚያደርሰው አንድ ላይ ካልታየ የተማሪው ማዕድም፣ የአካባቢው ደንም፣ የአርሶ አደሩ ገበያም ዘላቂ ሊሆን አይችልም።

በቀን የ2 ሄክታር ተኩል እንጀራ

የገበያውን ስፋት ለመገመት ቀላል ስሌት ይበቃል። 10 ሺህ ተማሪ የሚመገብበትን ግቢ እንውሰድ። እያንዳንዱ ተማሪ ለምሳና ለእራት አንድ አንድ እንጀራ ቢበላ በቀን 20 ሺህ እንጀራ ያስፈልጋል። ከአንድ ኪሎ ግራም ዱቄት 4 እንጀራ ይወጣል ቢባል የቀኑ ዱቄት 50 ኩንታል ነው። በሄክታር 20 ኩንታል ጤፍ ይገኛል ቢባል ደግሞ ግቢው በአንድ ቀን የሚበላው እንጀራ የ2 ሄክታር ተኩል ማሳ ምርት ነው ማለት ነው። ተማሪዎች በዓመት ለ300 ቀናት ግቢ ውስጥ ቢቆዩ 15 ሺህ ኩንታል ወይም የ750 ሄክታር ምርት ይሆናል። ግማሽ ግማሽ ሄክታር ጤፍ የሚዘሩ 1 ሺህ 500 አርሶ አደሮች ለአንድ ግቢ ብቻ ሊያመርቱ ይችላሉ። ጤፉ ከሩዝ፣ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ጋር የሚቀላቀል ከሆነ ደግሞ ድርሻው ለሌሎቹ ሰብል አምራቾች ይከፋፈላል።

ለሽሮና ለክክ በተማሪ 80 ግራም ጥራጥሬ ቢታሰብ በቀን 8 ኩንታል፣ በ300 ቀን 2 ሺህ 400 ኩንታል ይሆናል። በሄክታር 20 ኩንታል በሚሰጥ ማሳ ይህ የ120 ሄክታር ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ ነው። ሽንኩርት በተማሪ 50 ግራም ቢሆን በዓመት 1 ሺህ 500 ኩንታል ነው። በመስኖ በሄክታር 200 ኩንታል የሚያገኝ አምራች ላለበት አካባቢ ይህ ከ8 ሄክታር ያነሰ መሬት ይጠይቃል።

የመጨረሻው ቁጥር ሁለት ነገር ያስተምራል። በአንድ በኩል አንድ ግቢ የመስኖ ቀጣናውን ሽንኩርት ሁሉ አይፈጅም። በሜጫ ወረዳ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተገነባው የቆጋ መስኖ ምርቱ አንድ ላይ ሲደርስ የሚፈጥረውን የገበያ መጨናነቅ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን አይፈታውም። በሌላ በኩል ለግቢው ሽንኩርት ለማቅረብ ትልቅ ድርጅት መሆን አያስፈልግም። በአንድ ቀበሌ በኩታ ገጠም የሚያለሙ ጥቂት አርሶ አደሮች ተራ ተራ ቢተክሉ ይበቃል። ቁም ነገሩ ዋጋ ሲወድቅም የማይጠፋ፣ ቀድሞ መጠኑ የታወቀ ገዥ ማግኘት ነው።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ለረጅም ጊዜ ዝቅተኛ ሆኖ የቆየውና ወደ 22 ብር ደርሶ የነበረው የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። 10 ሺህ ተማሪ ላለው ግቢ ይህ በቀን 1 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ በግቢው ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች አርሶ አደሮች እጅ የሚገባው ስንት ነው የሚለውን ጥያቄ እያንዳንዱ ወረዳ በራሱ መዝገብ ሊመልሰው ይገባል።

አርሶ አደሩ ለምን በሩን አላለፈም?

ዩኒቨርሲቲ ግዥ የሚፈጽመው በመንግሥት የግዥ ሕግ ነው። ጨረታ ይወጣል፣ ሰነድ ይገዛል፣ የጨረታ ማስከበሪያና የውል ማስከበሪያ ይጠየቃል፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ሰነድ ይቀርባል። የሚፈለገው መጠን ብዙ፣ ጥራቱ አንድ ዓይነት፣ ርክክቡ በቀጠሮ ነው። ለግለሰብ አርሶ አደር ይህ የማይታለፍ አጥር ነው። መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሆን እንኳ መጋዘን፣ ሚዛን፣ ማበጠሪያና መኪና ከሌለው አይዘልቀውም። በክልሉ እንደ መርከብ፣ ፀሐይ፣ ዳሞትና ጎዛምን ያሉ ዩኒየኖች የተቋቋሙትም የትንንሾቹን ማኅበራት ምርት ሰብስበው እንዲህ ያለውን ገበያ እንዲያስገኙ ጭምር ነው።

ሁለተኛው ችግር ክፍያ ነው። አርሶ አደሩ እህሉን ሲያስረክብ ገንዘቡን ይፈልጋል፤ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጅ ትምህርት፣ የቤት ወጪ አለበት። ተቋሙ ግን የሚከፍለው ርክክቡ ተረጋግጦ፣ ሰነዱ በየክፍሉ ዞሮ ነው። በዚህ ክፍተት ውስጥ እጅ በእጅ የሚከፍል ነጋዴ ይገባል።

ሦስተኛው ችግር የአርሶ አደሩና የማኅበሩ ነው። ውል ከተፈረመ በኋላ የገበያ ዋጋ ሲንር ምርቱን ለማኅበሩ ከማስረከብ ይልቅ ለነጋዴ መሸጥ የተለመደ ነው። ያን ጊዜ ዩኒየኑ ውሉን ያፈርሳል፣ ግቢው ያለ ጤፍ ይቀራል፣ በቀጣዩ ዓመት የግዥ ክፍሉ ፊቱን ወደ ነጋዴው ያዞራል። 10 ሺህ ተማሪ የሚጠብቀው ወጥ ቤት አንድ ቀን እንኳ ሊዘጋ ስለማይችል የግዥ ኃላፊው ስጋት ያለ ምክንያት አይደለም።

የተሞከረ መንገድ አለ

ምርትን ከመዝራት በፊት በውል ማሰር ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርሶ አደር ዩኒየኖች እህል የመግዛት ሥራ ሲያካሂድ ምርቱ ከመሰብሰቡ በፊት የሚፈረም የቅድሚያ ውል ተጠቅሟል። ዩኒየኖቹ ያንን ውል ይዘው ከባንክ ብድር ማግኘት፣ በብድሩም ለአባሎቻቸው በርክክብ ጊዜ መክፈል ችለዋል። የክፍያ መዘግየት የሚያስከትለውን ችግር ለማቃለል ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ውሉ ራሱ ለባንክ እንደ መተማመኛ ያገለግላል።

የትምህርት ቤት ምገባም ሌላው ማሳያ ነው። በ2004 ዓ.ም. በቀድሞው የደቡብ ክልል የአካባቢ አርሶ አደሮችን ምርት ለተማሪዎች ምገባ የማዋል ሥራ ተጀምሮ ወደ ኦሮሚያ ክልልም ሰፍቷል። ለዚህ ሥራ ልምዷን ያካፈለችው ብራዚል ናት። ብራዚል በ2001 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ የፌዴራል መንግሥት ለትምህርት ቤት ምገባ ከሚመድበው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻ ለሚገዛ ምርት እንዲውል አስገድዳለች። የሕጉ ጥንካሬ “ከአርሶ አደር ግዙ” ብሎ ከመምከር አልፎ ድርሻውን በቁጥር ማስቀመጡ ነው። ሒሳቡ ሲመረመር ድርሻው መሟላቱ ወይም አለመሟላቱ ይታያል።

በእኛም አገር የሕግ ማዕቀፍ አለ። የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 በአምራቹና በገዥው መካከል ከምርት በፊት የሚደረግን ስምምነት ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል። ምርቱ፣ መጠኑ፣ ጥራቱ፣ ዋጋው ወይም የዋጋው አወሳሰን፣ የርክክብ ቦታና ጊዜ በጽሑፍ ከሰፈረ ሁለቱም ወገኖች የሚጠየቁበት ነገር ይኖራል። በተለይ የዋጋው አንቀጽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዋጋው በሰኔ ተቆርጦ በጥር ገበያው እጥፍ ቢሆን ውሉን የሚያከብር አይገኝም። በርክክቡ ወቅት ያለውን የአካባቢ ገበያ ዋጋ መነሻ አድርጎ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወለልና ጣሪያ አስቀምጦ መስማማት ለአርሶ አደሩም ለግቢውም ይበጃል።

ሜኑው ወቅቱን ይከተል

የግቢ ሜኑ ብዙውን ጊዜ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ጎመን፣ ሩዝ፣ ማካሮኒ፣ ዳቦ፣ ፍርፍር በሳምንቱ ቀናት ይደለደላሉ። የሽንኩርት ዋጋ ሰማይ በነካበት ወርም፣ በየመንገዱ ዳር በተከመረበት ወርም የሚገዛው መጠን ያው ነው። የሳምንቱ ድልድል ከአካባቢው የምርት ወቅት ጋር ቢጣጣም ግን በዚያው በጀት የተሻለ ማዕድ ማቅረብ ይቻላል። የመስኖ ድንችና ሽንኩርት በብዛት በሚደርሱበት በመጋቢትና በሚያዝያ ተማሪዎች በግቢ ናቸው። የፎገራ ሩዝ፣ የፋርጣና የአዊ ድንች፣ የምሥራቅ ጎጃም ጤፍ፣ የሰሜን ሸዋ ባቄላና ምስር እያንዳንዳቸው ቅርብ የሆነ ግቢ አላቸው።

ጥራጥሬ ልዩ ቦታ ይገባዋል። የጾም ቀናት በበዙበት አካባቢ ሽሮና ክክ የግቢው ማዕድ ምሰሶ ናቸው። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር በሥራቸው ላይ በሚኖሩ ተህዋሲያን አማካኝነት ናይትሮጂንን ከአየር ወስደው ለአፈሩ ይሰጣሉ። ስንዴና ገብስ እያፈራረቀ የሚዘራ አርሶ አደር ይህንን ከማሳው ያውቀዋል። ሆኖም ጥራጥሬ ገበያው ካልተረጋገጠ ለፈረቃ የሚተርፈው መሬት ትንሽ ነው። ግቢው የሽሮ ፍላጎቱን በውል ካሳወቀ አርሶ አደሩ ፈረቃውን ለመጠበቅ ተጨማሪ ምክንያት ያገኛል፣ የማዳበሪያ ወጪውም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ጥራትን መጠበቅ የግድ ነው። ሽሮ በዱቄት መልክ ሲገዛ ምን እንደተቀላቀለበት ለማወቅ ያስቸግራል። ጓያ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግርን ሽባ እንደሚያደርግ በክልሉ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጥራጥሬው በፍሬው ተገዝቶ፣ ተለቅሞ፣ በግቢው ወይም በዩኒየኑ ወፍጮ ቢፈጭ ይመረጣል። ይህ ለማኅበራቱም ተጨማሪ የሥራ ዕድል ነው።

አከማቸትም እንዲሁ ነው። በእርጥበት የተከማቸ እህል ሻጋታ ያወጣል፤ ከሻጋታው የሚመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ደግሞ በማብሰል በቀላሉ አይጠፋም። በቆሎና ጥራጥሬ ወደ መጋዘን ከመግባታቸው በፊት እርጥበታቸው ከ13 በመቶ እንዳይበልጥ በደንብ መድረቅ አለባቸው። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ጥራጥሬን ያለ ኬሚካል ከነቀዝ ይጠብቃል። ድንችን በተመለከተ ደግሞ የዘሩና የምግቡ አቀማመጥ ይለያያል። የዘር ድንች ብርሃን በተበተነበት መጋዘን ላይ ይቀመጣል፤ ለምግብ የሚውለው ግን ጨለማና ነፋሻ ቦታ ይፈልጋል። ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፣ ለጤናም አይበጅም።

መጥኖ መደቆስ

“ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ” የሚለው አባባል ለግቢ ወጥ ቤት የተነገረ ይመስላል። ከቅርብ መግዛት የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ የተገዛው ከተጣለ ግን ትርፉ አይታይም። ቀደም ሲል በተወሰደው ስሌት ከ10 እንጀራ አንዱ ቢጣል በቀን 2 ሺህ እንጀራ፣ 5 ኩንታል ዱቄት፣ የሩብ ሄክታር ምርት ይጠፋል። አርሶ አደሩ አርሶ፣ አርሞ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ ያስገባው ጤፍ፣ ጋጋሪዋ በጭስ ዓይኗን አጥታ የጋገረችው እንጀራ ቆሻሻ መጣያ ይገባል ማለት ነው።

ኪሳራው ወደ ተማሪውም ይመለሳል። በወጪ መጋራት ሥርዓቱ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሲመረቅ ሊከፍል ይፈርማል። የተጣለው ምግብም በዕዳው ውስጥ ነው።

ምግብ የሚተርፈው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። አንደኛው የቁጥር ስህተት ነው። ወጥ ቤቱ የሚያበስለው በተመዘገበው ተማሪ ቁጥር ነው። የምግቡን ገንዘብ ወስደው ከግቢ ውጭ የሚመገቡት “ነን ካፌ” ተማሪዎች፣ ለተግባር ትምህርት የወጡ፣ ለበዓል ወደ ቤተሰብ የሄዱ በዕለቱ አይኖሩም። በበሩ ላይ ካርድ የሚቆጥረው ሠራተኛ የትናንቱንና የዛሬውን ቁጥር ያውቃል። ቁጥሩ በዚያው ቀን ወደ ወጥ ቤት ካልደረሰ ግን ለነገ ምንም አይጠቅምም። ጾሙና ረመዳኑም ይህንኑ ይፈልጋሉ። ስንት ተማሪ ጾመኛ እንደሆነ፣ ስንቱ በአፍጥርና በሱሁር ሰዓት እንደሚመገብ ቀድሞ ከታወቀ ሁለቱም ወገን ትኩስ ምግብ ያገኛል፣ ድስቱም በልኩ ይጣዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ጥራት ነው። ያልበሰለ፣ የጎመዘዘ፣ አሸዋ ያለበት እንጀራ በትሪው ላይ ይቀራል። ይህንን በተማሪው አባካኝነት ብቻ ማሳበብ ተገቢ አይደለም። የሚተርፈው እንጀራ ቀኑን ጠብቆ ከበዛ ጥያቄው ወደ ዱቄቱ፣ ወደ እርሾውና ወደ ምጣዱ መሄድ አለበት። ሦስተኛው ምክንያት የአቀራረብ ልማድ ነው። ለሁሉም እኩል ከመደርደር ይልቅ ትንሽ አቅርቦ ለፈለገ መድገም ትራፊውን ይቀንሳል።

ለመጀመር ሚዛን ብቻ ይበቃል። ለሁለት ሳምንት ሦስት በርሜል ለይቶ ማስቀመጥ ነው። አንዱ በዝግጅት ላይ የሚወጣውን ልጣጭና ብጣሪ፣ ሁለተኛው በስሎ ሳይቀርብ የተረፈውን፣ ሦስተኛው ከትሪ የተመለሰውን ይይዛል። በየቀኑ ተመዝኖ ሲመዘገብ ችግሩ ከየት እንደሆነ ይታያል። ሁለተኛው በርሜል ከሞላ ስህተቱ የቁጥር ነው። ሦስተኛው ከሞላ የጥራት ወይም የአቀራረብ ነው። ሳይነካ የተረፈ እንጀራ ደግሞ እናቶች ከጥንት ጀምሮ እንደሚያደርጉት በንጹሕ ቦታ ደርቆ ድርቆሽ ሊሆንና ለቁርስ ፍርፍር ሊመለስ ይችላል። ይህ የሚሆነው ሳይሻግት በዕለቱ ከተሰጣ ብቻ ነው።

ከምጣዱ ሥር ያለው ወጪ

እንጀራ ብዙ ኃይል የሚበላ ምግብ ነው። ምጣዱ ከጥግ እስከ ጥግ እኩል መጋል አለበት፣ አንዱ እንጀራ ሲወጣ ሙቀቱ ሳይወርድ ሌላው ይሰፋል። በክፍት ምድጃ ላይ ሲሆን አብዛኛው ሙቀት ለአየር ይሄዳል፣ ጭሱም ለጋጋሪዎቹ ሳንባ ይተርፋል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር “ምርት” የተባለው ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ምድጃ ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ይህንን በገጠር ቤተሰቦች ዘንድ ሲያስተዋውቁ የቆዩ የወረዳ ባለሙያዎች አሉ። ለተቋም በሚሆን መልኩ ከጭስ ማውጫ ጋር መሥራትም ይቻላል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከጭስ ይገላግላል፤ ሆኖም ዕቅድ ይጠይቃል። አንድ ምጣድ በሰዓት 15 እንጀራ ቢያወጣ 20 ሺህ እንጀራ ለማድረስ 80 ምጣዶች 17 ሰዓት ያህል መሥራት አለባቸው። እያንዳንዱ ምጣድ 3 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት ቢወስድ አንድ ላይ ሲበሩ 280 ኪሎ ዋት ይፈልጋሉ። ስለዚህ የራሱ ትራንስፎርመርና አስተማማኝ መስመር ሳይታሰብ ምጣድ መግዛት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ማገዶ መመለስ ይመጣል።

ማገዶው የሚመጣውም ከአርሶ አደሩ ነው። ባሕር ዛፍና በአዊ አካባቢ የሚለማው ዲከረንስ የብዙ ቤተሰብ ገቢ ናቸውና የግቢዎች ማገዶ ሲቀንስ ሻጩ ይጎዳል የሚል ስጋት ሊነሳ ይችላል። ነገር ግን በአጭር ዕድሜው ለማገዶ የሚቆረጥ ዛፍ ጥቂት ዓመት ቢቆይ ለአጠናና ለምሰሶ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። አሳሳቢው ባለቤቱ የማይታወቅ፣ ከተራራና ከገደል የተቆረጠ የአገር በቀል ዛፍ እንጨት በማገዶ ስም ወደ ግቢ እንዳይገባ ነው። ውሉ የማገዶውን ምንጭ መጠየቅ አለበት።

ትራፊው ወደ ማሳ

በሚገባ ተመጥኖም የሚተርፍ ይኖራል። የሽንኩርት፣ የድንችና የጎመን ልጣጭ ጥሬ ስለሆነ ለኮምፖስትና ለምድር ትል ማዳበሪያ ይመቻል። አንድ እጅ እርጥብ ልጣጭ ከሁለት ወይም ከሦስት እጅ ገለባና ደረቅ ቅጠል ጋር ሲደባለቅ ሳይሸት ይብላላል። ጨውና ዘይት የበዛበት የበሰለ ምግብ ግን ለትሎቹ አይስማማም። እርሱ ለባዮጋዝ ይሻላል። እንጀራና ወጥ ኮምጣጣ ስለሆኑ ብቻቸውን ሲገቡ ማብላያውን ያበላሹታል፤ ከከብት እበት ጋር ተመጥነው ሊገቡ ይገባል። ከባዮጋዙ የሚገኘው እሳት ለሻይና ለወጥ ያገለግላል። ሰፊውን ምጣድ እኩል ለማጋል ግን ያስቸግራልና እንጀራ ቤቱን በሙሉ ይተካል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ዝቃጩ ወደ ማሳ የሚመለስ ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

በግቢዎች ዙሪያ ከብት የሚያደልቡና ወተት የሚያመርቱ ሰዎች ትራፊ እንጀራ ለመኖ መውሰዳቸው የተለመደ ነው። ይህ ጥሩ ልማድ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ትራፊው ከፌስታል፣ ከአጥንትና ከሶፍት ተለይቶ በንጹሕ ዕቃ በዕለቱ መሰጠት አለበት። የሻገተ ከሆነ ለላም አይሰጥም። በሻጋታው ያለው አፍላቶክሲን በወተቱ በኩል ወደ ሕፃናት ይደርሳልና። ለአሳማ የሚሰጠውም ዳግም መፍላት ይኖርበታል። የወረዳው የእንስሳት ባለሙያ ከግቢው ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ የሚወስዱትን ማኅበራት ቢያስተምር ትራፊው ለከተማው ቆሻሻ መሆኑ ቀርቶ ለአርሶ አደሩ መኖ ይሆናል።

ሥራው የሚጀመረው ከዘር በፊት ነው

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት አይፈጸምም። ነገር ግን የግብርናው ቀን መቁጠሪያ ራሱ የሥራውን ቅደም ተከተል ይናገራል። ዩኒቨርሲቲው የቀጣዩን ዓመት የተማሪ ቁጥርና የሜኑ ድልድል ይዞ በየወሩ የሚያስፈልገውን የጤፍ፣ የጥራጥሬ፣ የድንችና የሽንኩርት መጠን እስከ ግንቦት ድረስ ለዞኑ ግብርናና ኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤቶች ማሳወቅ ይችላል። ባቄላ የሚዘራው በሰኔ፣ ጤፍ በሐምሌ ስለሆነ የእነርሱ ውል ከዚያ በፊት መፈረም አለበት። በመረሬ መሬት ላይ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ለሚዘሩት ሽምብራና ምስር ጊዜ አለ። የመስኖው ውል በመስከረምና በጥቅምት፣ ችግኝ ከመፍላቱ በፊት ይደረጋል። ሽንኩርቱ አንድ ላይ እንዳይደርስም የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የተከላውን ቀን በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ከፋፍሎ ሊያስተካክል ይችላል።

ከግዥው ሁሉ መጀመርም አያስፈልግም። ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰብል፣ ለምሳሌ የሽሮ ጥራጥሬ፣ በአንድ ዩኒየንና በአንድ ግቢ መካከል ቢሞከር የሚታጣው ጥቂት፣ የሚገኘው ትምህርት ብዙ ነው። ወረዳዎች በየዓመቱ በዕቅዳቸው ስንት ሄክታር እንደሚታረስና ስንት ኩንታል እንደሚጠበቅ ይጽፋሉ። ከጎኑ “ገዥው ማነው” የሚል አንድ ዓምድ ቢጨመርበትና በዚያ ዓምድ ውስጥ የቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ስም ከነኩንታሉ ቢሰፍር፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በሚግለው ምጣድና ከአጥሩ ወዲያ ባለው ማሳ መካከል ያለው ርቀት መጥበብ ይጀምራል። የዚህ ዓመት ዕቅድ ገና ካልተዘጋ ዓምዱን ለመጨመር አልረፈደም።